«መዋጮ»፣ «ግብር» ወይስ «ድርሻ»? የደጃፍ መንገድ ክፍያ ምን ይባል?

ከደሴ፦

ሰላም የቃል ወዳጆች፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ «መዋጮ» የሚለውን ቃል ይዤ መጥቻለሁ።

በሰፈራችን ኮብል ሊነጠፍ ነው ተባለ። ሁለት ልጆች ሜትር ይዘው መጡ። አንዱ ጫፉን የቆርቆሮ አጥራችን ጥግ ላይ ያዘ። ሌላው እየዘረጋ እስከ ጎረቤት አጥር ሄደ። በኖራ ምልክት አደረጉና ቁጥሩን ደብተር ላይ ጻፉ። ከሳምንት በኋላ ለእናቴ ክፍያው በደጃፏ ርዝመት ልክ ተሰልቶ መጣላት። ከፈለች። ደረሰኙ ላይ «የኅብረተሰብ መዋጮ» ይላል። እናቴ ደረሰኙን አጥፋ መቀነቷ ላይ ቋጠረችና «ልጄ፣ መዋጮ የቅሬው ነው፤ ይሄ ሌላ ነገር ነው» አለችኝ።

ይህ አባባሏ ከጭንቅላቴ አልወጣ አለ። ሌላው አገር እድር የሚለውን እኛ ወሎዎች ቅሬ እንላለን። ቅሬ ላይ ሰው ይሰበሰባል፣ ይነጋገራል፣ ይስማማል፣ ከዚያ ያዋጣል። ቃሉ ራሱ ይህን ይናገራል። «ወጣ» ብለን «አወጣ» እንላለን፤ አንድ ሰው ከኪሱ አወጣ። «አዋጣ» ስንል ግን አብሮ የሚያወጣ ሌላ ሰው አለ። ብቻውን ያዋጣ ሰው የለም። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው ተረትም የመዋጮ ተረት ነው። ሎሚው ግን በአጥር ርዝመት ተለክቶ ከመጣስ? አሁንም መዋጮ ነው? ምን ትላላችሁ?

ከኮምቦልቻ፦

እናትዎ ልክ ናቸው፣ ወንድሜ። እኔ ግሱን እንይ እላለሁ። ግብር ይጣላል። ቀረጥ ይቀረጣል። መዋጮ ይዋጣል። «መዋጮ ተጣለብኝ» ሲባል ጆሮዬ ይቆረቁረኛል። የሚጣል ነገር ከላይ የሚመጣ ነው። የሚዋጣው ከመካከላችን ነው። ሰው «መዋጮ ተጣለ» ካለ፣ ስሙ መዋጮ የተባለ ግብር መጥቶበታል ማለት ነው።

ደግሞ የ«አዋጣ»ን ዘመዶች አትርሱ። ነጋዴ «ይሄ ዋጋ አያዋጣኝም» ይላል። ሥራው ያማረለትን «የተዋጣለት አናጢ» እንላለን። ከጋራ ማውጣት ተነስቶ ጥቅም ወደ ማግኘት፣ ከዚያም ወደ መሳካት ደርሷል። ስለዚህ የመንገድ ገንዘብ ሲጠየቅ «ያዋጣል ወይ?» ብሎ መጠየቅ የቃሉ መብት ነው። ደጄ ኮብል ሆኖ የክረምቱ ጎርፍ ቦዩን ይዞ ከወረደልኝ ያዋጣኛል። ለግብር ይውጣ ተነጥፎ በመጀመሪያው ዝናብ ድንጋዩ ከተነቀለ አላዋጣኝም።

ከደሴ፦

«ለግብር ይውጣ»ን ስላነሱልኝ ደስ አለኝ፣ እህቴ። ሥራን ለይስሙላ፣ ከላይ ከላይ መሥራት ነው። ልብ በሉ፣ «ለመዋጮ ይውጣ» የሚል አባባል ግን የለንም። ሰው ግብሩን ከላዩ ለማውረድ ብቻ ሊከፍል ይችላል። ቅሬው ላይ ግን እንዲህ አያደርግም፤ ነገ ቀባሪው ያ ጎረቤቱ ነው።

ከወልዲያ፦

በአጭሩ አንድ ነገር ልጨምር። ይህን ክፍያ የሚጠየቀው ሰው «ባለንብረት» መባሉም መጣራት አለበት። በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታ የመንግሥት ሆኗል። በዓመቱ የወጣው አዋጅ ቁጥር 80/1968 ደግሞ የቦታ ኪራይ እና የቤት ግብር ብሎ ለሁለት ከፈለው። ለቦታው ኪራይ፣ ለቤቱ ግብር። ሰፈር ውስጥ «የጣራና ግድግዳ» የሚባለው ይኸው የቤቱ ነው። ስለዚህ እኛ በቦታው ላይ «ባለይዞታ» ነን፤ «ያዘ» ከሚለው። ደጃፍ ላይ ያለው መንገድ ደግሞ ከይዞታችን ውጭ ነው። ኪራይም ግብርም የማይሸፍነው ሦስተኛ ነገር መጣ ማለት ነው። ለሦስተኛው ነገር ሦስተኛ ስም ያስፈልገዋል።

ከአሜሪካ፣ ትውልደ ሐይቅ፦

እዚህ ይህ ነገር «ስፔሻል አሰስመንት» የሚል የራሱ ስም አለው። ከተማው የአንድ ሰፈር መንገድ፣ የእግረኛ መሄጃ ወይም የፍሳሽ መስመር ሲሠራ ወጪውን በመንገዱ ዳር ላሉት ባለቤቶች ያካፍላል። ብዙ ቦታ መለኪያው ልክ እንደ እናትዎ ሰፈር የደጃፍ ርዝመት ነው። ከዓመታዊው የንብረት ግብር ተለይቶ ይጠየቃል። ምክንያቱ «የአንተ ቦታ ከሌላው ሰው የተለየ ጥቅም አግኝቷል» የሚል ነው። አስቀድሞ ማስታወቂያ ይደርሳል፣ ተቃውሞ የሚሰማበት ቀን ይኖራል፣ ብዙ ጊዜም በየዓመቱ ተከፋፍሎ መክፈል ይቻላል። ኮሎምቢያም እ.ኤ.አ. ከ1921 ጀምሮ በሕግ ትሠራበታለች። የእነሱ ቃል የመጣው «ዋጋ መጨመር» ከሚለው ነው። መንገዱ የቦታህን ዋጋ ስለጨመረ ከጨመረው አካፍል ነው ነገሩ።

ከደሴ፦

ያገሬ ልጅ፣ እድሜ ይስጥልኝ! አሁን ነገሩ ጠራልኝ። እነሱ የሰየሙት ጥቅሙን ነው፤ እኛ የሰየምነው ስምምነቱን ነው። ስምምነቱ ካልነበረ ደግሞ ስሙ ባዶ ነው።

እኔ «የደጃፍ ድርሻ» እንበለው እላለሁ። «ደጃፍ» ደጅ እና አፍ ነው፤ የደጅ አፍ። ልጆቹ ሜትር የዘረጉት እዚያው ላይ ነው። «ድርሻ» ደግሞ ከ«ደረሰ» ነው፤ ለያንዳንዱ የሚደርሰው። እናቴ የቋጠረችውን ወረቀት አስቡት፤ ደረሰኝ። እሱም ከ«ደረሰ» ነው፤ ገንዘብ ተቀባዩ «ደረሰኝ» ብሎ የሚፈርምበት። ድርሻዋን ሰጠች፣ እሱም ደረሰኝ አለ። ሁለቱ ቃላት ከአንድ ቤት ናቸው፤ ወረቀቱ ላይ ጎን ለጎን ቢቀመጡ ያምርባቸዋል።

ስሙ ሲቀየር የምንጠይቀውም ይቀየራል። መዋጮ ከተባለ «መቼ ተሰብስበን ተስማማን?» ብለን እንጠይቃለን። ድርሻ ከተባለ «የሌላው ስንት ደረሰ?» እንላለን። ይህ ለእናቴ ትልቅ ነገር ነው። ቤቷ ማዕዘን ላይ ነው። ሁለት መንገድ ይነካታል፤ በሁለቱም በኩል ተለክቶባታል። ከኋላዋ ያለው ሰውዬ ግን በጠባብ መተላለፊያ ይገባል፤ ደጃፉ ሦስት ሜትር አይሞላም፤ በዚያው ኮብል ላይ ግን በየቀኑ መኪናውን ይነዳል። በመዋጮ ስም ይህን ማንሳት ነውር ይመስላል፤ ሰው «ለአገር ማዋጣት ከበዳት» ይላታል። በድርሻ ስም ግን የሒሳብ ጥያቄ ነው፤ ያለ እፍረት ይጠየቃል።

ከኮምቦልቻ፦

«የደጃፍ ድርሻ»ን ወድጄዋለሁ። ግን ተከራዩስ? ደጃፉ የማን ነው? እኛ ሰፈር አከራዮች ኮብሉ ሲነጠፍ ኪራይ ጨመሩ። ድርሻው ለባለቤቱ ደረሰ፣ ከኪሱ ያወጣው ግን ተከራዩ ሆነ። ለዚህስ ቃል አላችሁ?

ከወልዲያ፦

እኛ ጋ «ዞሮ በእኔው ወጣ» ይላል ተከራይ። ስም አይደለም፣ ግን ልብ ያደርሳል። ከሚሴ እና ላሊበላ ያላችሁ፣ በእናንተ ዘንድ ምን ይባላል?