«አንግሪ» ከ«ዊዝ» ጋር ነው ወይስ ከ«አት»?

ጥያቄ፦ ለአለቃዬ በእንግሊዝኛ ኢሜይል ስጽፍ «ደንበኛው በመዘግየቱ እኛ ላይ ተቆጥቷል» ለማለት «አንግሪ ኦን አስ» አልኩ። ባልደረባዬ አይቶ ሳቀብኝ። «ዊዝ»ም «አት»ም «አባውት»ም ሲባል ሰምቻለሁ፤ የትኛው የት ይገባል?

መልስ፦ «ኦን» ያመጣብህ የራሳችን «ላይ» ነው። እኛ «በ»ን ሁሉን እናሸክማታለን፦ በልጁ ተናደድኩ፣ በወሬው ተናደድኩ፣ ካልሆነም «ተናደድኩበት» ብለን እናልፋለን፤ ሰው ይሁን ነገር ከወሬው ይታወቃል። እንግሊዝኛው ይለያል። የተቆጡት ሰው ላይ ከሆነ «አንግሪ ዊዝ» ወይም «አንግሪ አት»፤ ሁለቱም ደህና ናቸው፣ እንግሊዞቹ ወደ «ዊዝ» ያደላሉ። ያናደደው ነገር ከሆነ «አባውት» ወይም «አት»። «አንግሪ ዊዝ ዘ ዲሌይ» ግን ጆሮ ይቆረቁራል። ሰውየው ባደረገው ነገር ከሆነ «ፎር» ይጨመራል፦ «አንግሪ ዊዝ ሚ ፎር ላይንግ»፣ ስለዋሸሁ ተናደደብኝ።

ብቻ «ዊዝ»ን «ጋር» ብለህ እንዳትተረጉመው። «ከእኔ ጋር ተቆጣ» ብትል ሁለታችሁ ተባብራችሁ ሌላ ሰው ላይ የተነሳችሁ ይመስላል!

«ማድ» ላይ ደግሞ ተጠንቀቅ። «ማድ አት ሂም» ስትል ተናደህበታል፤ «ማድ አባውት ሂም» ካልክ ግን በፍቅሩ አብደሃል። ይህን ለአለቃ መጻፍ አይመከርም።

ሌላ መልስ፦ በተባለው እስማማለሁ፤ ግን «ተቆጣ»ን ሁሌ «አንግሪ» ማለትም ልክ አይመስለኝም። «አባቴ ተቆጣኝ» ስንል ገሠጸኝ ማለታችን ነው፣ ድምፅ ወጥቷል። «አንግሪ» ግን አፍ ሳይከፍቱም ይሆናል፣ ለ«ተናደደብኝ» ይቀርባል። ለተግሣጹ «ስኮልድ» አለ፤ እሱ መስተዋድድ አይፈልግም፣ «ሂ ስኮልድድ ሚ» ብሎ ማብቃት ነው። «ተቆጣልኝ» ሲሆንማ ጭራሽ ሌላ ነው፤ አንዲት «ል» ገብታ ሰውየውን ወደ እኔ ወገን አመጣችው። ለዚህ እንግሊዝኛው «ኦን ማይ ቢሃፍ» የሚል ረጅም ሐረግ ይጎትታል። «አኮረፈኝ»ን በአንድ ቃል ልክ የሚተካ ግን እስካሁን አላገኘሁም፤ «ሰልክ» ይቀርባል፣ ዝም የተባለው ሰው ግን እኔ መሆኔን ለብቻው አይናገርም።

ጠያቂው፦ ስለዚህ «አንግሪ ዊዝ አስ አባውት ዘ ዲሌይ» ልበል?

መልስ፦ አዎ፣ ልክ ነው። ለሥራ ደብዳቤ ግን «አፕሴት ዊዝ አስ» በለው፣ ይለሰልሳል።

ጠያቂው፦ ኢሜይሉማ በ«ኦን» ሄዷል።