ደረቱ ላይ አልዘጋ ያለ የሙሽራ ቀሚስ

የገዛሁት የሙሽራ ቀሚስ ወገቡና ዳሌው ላይ ልኬ ነው፤ ደረቱ ላይ ግን የጀርባው ዚፕ አልገጥም ብሎ 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ክፍት ይቀራል። ጨርቁ ሳቲን ነው፤ ላዩ ዳንቴል፣ ውስጡ ገበር ያለው፣ ደረቱ ቅርጹን በሚይዙ ቀጫጭን ዘንጎች የቆመ። ልብስ ሰፊ ጋር ወስጄው የጎኑን ስፌት ፈትቶ አየው። በየጎኑ ሊለቀቅ የሚችለው ትርፍ ጨርቅ 1 ሴንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ሳቲን ደግሞ የድሮውን የመርፌ ቀዳዳ አይደብቅም። ሻጩ አይመልስም፤ ከፍ ያለው ልክም አልቋል። «ትንሽ ክሺ» የሚሉኝ አሉ፤ ሰርጉ ግን የፊታችን ወር ነው፣ ደረትም በትእዛዝ አይቀንስም።

የቀረኝ ሁለት መንገድ ነው። ዚፑን አስወጥቼ ጀርባውን በገመድ የሚታሰር ባደርገው፣ ልኩን እስከ ሰርጉ ቀን ድረስ ማጥበቅና ማላላት እችላለሁ፤ የዳንቴሉ ጥለት ግን መሀል ለመሀል ይቆረጣል። ከብብት እስከ ወገብ በሁለቱም ጎን ቁራጭ ባስጨምር ጥለቱ ይተርፋል፤ ለዚያ የሚሆን ዳንቴል ከቀሚሱ ጅራት ሊቆረጥ ይችላል፤ የምፈራው ዘንጎቹ ቦታቸውን ስተው ደረቱ እንዳይጣመም ነው። እንዲህ ዓይነት ባለ ዘንግ ቀሚስ ያሰፋችሁ ወይም የሰፋችሁ፣ ቅርጹን ሳያበላሽ የሚሆነው የትኛው ነው?