ጤነኛ ሰው ላይ የሳይነስ ፈንገስ ወደ አንጎል ሲዘልቅ

ሬዚደንት፦
የ35 ዓመት ሴት። ስኳር የለባትም፣ ኤችአይቪ ኔጋቲቭ፣ ነጭ የደም ሴሏም ደህና ነው። ራስ ምታቱ ሦስት ወር ሆኖታል፤ አሁን ግራ ዓይኗ ወጣ ብሏል፣ ወደ ውጭም አይዞርላትም። ሲቲ ስካኑ ስፌኖይድ ሳይነሷ (ከአፍንጫ ጀርባ፣ ከአንጎል ሥር ያለው የአየር ክፍተት) ሞልቶ አጥንቱ መበላቱን ያሳያል። «ዕጢ ነው፣ ስቴሮይድ እንጀምር» ተብሏል። ፈንገስ ይሆን? ናሙናውስ እንዴት ይላክ?

ከአንገት በላይ፦
ባዮፕሲ (የቲሹ ናሙና) ሳይወሰድ ስቴሮይድ አይጀመር። እብጠቱ ለጥቂት ቀን ይቀንስና ሁሉም «ተሻላት» ብሎ ይዘናጋል፤ ፈንገሱ ግን ይፋፋል። መከላከያዋ ደህና መሆኑ ፈንገስን አያስቀርም። በወራት የሚጎተተው፣ ግራኑሎማ (የመከላከያ ሴሎች የተሰባሰቡበት እብጠት) የሚሠራው ዓይነት ጤነኞችን ነው የሚይዘው፤ በብዛት የተዘገበው ከሱዳን፣ ከህንድና ከፓኪስታን ሲሆን ዋናው መንስኤም አስፐርጊለስ ፍላቨስ የተባለው ፈንገስ ነው። ስፌኖይድን ከካቨርነስ ሳይነስ (የዓይን ማንቀሳቀሻ ነርቮች ከሚያልፉበት የደም ሥር ክፍተት) እና ከዓይን ነርቭ የሚለየው ስስ አጥንት ስለሆነ ያለ ትኩሳት፣ አፍንጫም ሳይታፈን ሊዘልቅ ይችላል።

ኤምአርአይ በጋዶሊኒየም (በደም ሥር በሚሰጥ ምስል ማጉያ) ይሠራላት። ሲቲው ላይ ሙሉ የነበረው ሳይነስ ቲ2 በሚባለው የኤምአርአይ ምስል ላይ ጥቁር ሆኖ ቢታይ አየር ነው ብላችሁ እንዳታልፉት፤ የሚያጠቁረው ፈንገሱ ያከማቸው ብረትና ማንጋኒዝ ነው። የአጥንት መሳሳት ብቻውን ወረራን አያረጋግጥም፣ ቲሹን የማይወርረው አለርጂክ ፈንገስ ሳይነሳይተስም በግፊት ያሳሳዋል። ስለዚህ ውስጡ ያለውን ዝቃጭ ብቻ ሳይሆን የሳይነሱን ሽፋንና የተበላውን አጥንትም ቆርጣችሁ ላኩ።

ላብራቶሪ፦
ናሙናው ለሁለት ይከፈል። አንዱ በፎርማሊን ለፓቶሎጂ፤ ፈንገስን የሚያሳዩት ጂኤምኤስና ፓስ ቀለም እንዲጨመር ማዘዣው ላይ ይጻፍ። ሌላው በስቴራይል ሴላይን (ንጹሕ የጨው ውሃ) ረጥቦ ለካልቸር (ፈንገሱን ለማብቀል)። ብዙ ጊዜ ሁሉም ፎርማሊን ውስጥ ይገባና ካልቸሩ ምንም አያበቅልም፣ ፈንገሱ ሞቷላ። ሙኮር (ሌላ ወራሪ ፈንገስ) ከተጠረጠረ ደግሞ ቲሹው አይፈጭ፤ ክሮቹ ሲሰባበሩ አይበቅሉም፣ በትንሹ መቆራረጥ ይበቃል። በዚያው ቀን በኬኦኤች (ቲሹውን አሟሙቶ ፈንገሱን በሚያሳይ ፈሳሽ) በማይክሮስኮፕ እዩት፦ ቀጫጭን፣ ክፍልፋይ ያላቸውና በ45 ዲግሪ የሚከፈሉ ክሮች አስፐርጊለስን ይመስላሉ፤ ሰፋፊ፣ ክፍልፋይ የማይታይባቸውና ወደ 90 ዲግሪ የሚከፈሉት ሙኮርን። የደም ጋላክቶማናን (የአስፐርጊለስ ምርመራ) ኔጋቲቭ መሆኑ አያጽናናችሁ።

ክሊኒካል ፋርማሲ፦
አስፐርጊለስ ከሆነ ቮሪኮናዞል የተባለው ፀረ ፈንገስ በደም ሥር፦ በመጀመሪያው ቀን 6 ሚ.ግ በኪሎ በየ12 ሰዓቱ ሁለት ጊዜ፣ ከዚያ 4 ሚ.ግ በኪሎ በየ12 ሰዓቱ። በ5ኛው ቀን ግድም፣ ከሚቀጥለው መጠን በፊት፣ በደም ውስጥ ያለው መጠን ይለካ፤ ከ1 እስከ 5.5 ሚ.ግ በሊትር ይሁን። የሚጥላት ከሆነ ፌኒቶይን ወይም ካርባማዜፒን አትስጧት፣ የቮሪኮናዞልን የደም መጠን ያወርዱታል፤ ሌቬቲራሴታም ይሻላል። ሙኮር ካልተገለለ ቮሪኮናዞል አይሠራበትምና ሊፖሶማል አምፎቴሪሲን በቀን 5 ሚ.ግ በኪሎ፣ አንጎል ከተነካ እስከ 10። በ5% ዴክስትሮስ ይቀጠን፤ ሴላይን ያረጋዋል። ፖታሲየም፣ ማግኒዢየምና ክሬያቲኒን በየቀኑ ይታዩ። ካስፖፈንጂን የተባለው ፀረ ፈንገስ አንጎል ውስጥ በቂ ስለማይገባ ብቻውን አይበቃም። ሕክምናው በወራት ነው የሚቆጠረው፣ ማቆሚያውም በኤምአርአይ ይወሰናል።

ሬዚደንት፦
የጀርባ ፈሳሽ እንውሰድ?

ከአንገት በላይ፦
ኤምአርአዩ ሳይታይ አይሆንም። አንጎል ውስጥ የሚገፋ ነገር ካለ መውጋቱ ራሱ አደጋ ነው። ቢወሰድም ካልቸሩ ብዙ ጊዜ ባዶ ይመለሳል፤ መልሱን ከሳይነሱ ቲሹ ጠብቁ።