የቅዳሜ ማታ ፖከር፦ ቁማር ነው ወይስ የጓደኛሞች ጨዋታ?

የሦስት ልጆች እናት፣ አሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ፦
ሰላም የቤቱ አባላት። አንድ ጥያቄ ይዤ መጥቻለሁ። ባለቤቴና አራት አብሮ አደጎቹ ቅዳሜ ማታ እኛ ቤት ፖከር የሚባለውን የካርታ ጨዋታ ይጫወታሉ። እያንዳንዳቸው 40 ዶላር ያስገባሉ። በቀደም ከ14 ዓመት ልጄ ጋር «ፍሬንድስ» የሚለውን የአሜሪካ አስቂኝ ድራማ ስናይ የፖከሩ ክፍል ላይ ደረስን። እ.ኤ.አ. በ1995 በኤንቢሲ የተላለፈው ነው። ስድስቱ ጓደኛሞች ጠረጴዛ ከበው፣ ሴቶቹ በአንድ ወገን ወንዶቹ በሌላ ሆነው በገንዘብ ይፋለማሉ። ልጄ ስቆ ስቆ ሲያበቃ «እማ፣ አባዬም ቁማርተኛ ነው?» አለኝ። የምመልሰው ጠፋኝ። እኔ ገንዘብ ከተያዘበት ቁማር ነው ባይ ነኝ፤ ሕጉም ቢከለክለው ደስ ይለኛል። እናንተስ?

የሕግ ትምህርት የተማረ፣ እዚያው ቨርጂኒያ፦
እህቴ፣ የምትኖሪበት ግዛት ሕግ ይህን ጉዳይ ለይቶ አስቀምጦታል። በግል መኖሪያ ቤት የሚደረግን የዕድል ጨዋታ ወንጀል አይለውም። ግን ቤቱ ለዚህ ጨዋታ አዘውትሮ የሚውል መሆን የለበትም። ጨዋታውን እንደ ንግድ የሚያካሂድ ሰውም መኖር የለበትም። ድራማው የሚካሄድበት ኒውዮርክም የሚከስሰው ተጫዋቹን ሳይሆን ከጨዋታው የሚጠቀመውን አዘጋጅ ነው። ስለዚህ አምስት ጓደኛሞችን የሚያሳስር ነገር አይታየኝም። ብቻ «አዘውትሮ» የምትለዋን ቃል ባለቤትሽ ልብ ይበላት። በየሳምንቱ እዚያው ቤት ከሚሆን ተራ ቢገቡ ይሻላል።

የሒሳብ መምህር፦
እኔ ቁማር መባሉን ራሱ አልቀበልም። ፖከር ሎተሪ አይደለም። በዚያው ክፍል ሴቶቹ መጀመሪያ ተሸነፉ። ከዚያ የአንዷ፣ የሞኒካ፣ አክስት መጥታ አስተማረቻቸው፤ ተመልሰው ተፋለሙ። ዕድል ይማራል እንዴ? ብሩክሊን ውስጥ የፌዴራል ዳኛው ጃክ ዋይንስቲን እ.ኤ.አ. በ2012 ፖከር ከዕድል ይልቅ ችሎታ የሚያመዝንበት ጨዋታ ነው ብለው ፈርደዋል።

የሕግ ትምህርት የተማረ፦
መምህር፣ ፍርዱ በ2013 ይግባኝ ላይ ተሽሯል። ችሎታም ይሁን ዕድል፣ የፌዴራሉ ሕግ ያንን አይጠይቅም ተባለ። ደግሞም ያ ጉዳይ የጓደኛሞች ጨዋታ አልነበረም። ስታተን አይላንድ ውስጥ በአንድ መጋዘን የኋላ ክፍል ነው፤ ቤቱ ከሚያዘው ገንዘብ 5 በመቶ ይቆርጥ ነበር።

ከአዲስ አበባ፦
ስለ ችሎታ ሲወራ ደሜ ይፈላል። ታናሽ ወንድሜ ቤቲንግ ሲጀምር የሚለው ይህንኑ ነበር። «ቡድኖቹን አውቃቸዋለሁ፣ አጥንቼ ነው ቲኬት የምቆርጠው» ይላል። መጀመሪያ በ20 ብር ነበር። ከዚያ ደመወዙ ሄደ። ከዚያ የእናታችን ለበዓል የተቀመጠ ብር ሄደ። አንድ ማታ ጃኬቱን ሳነሳ ከኪሱ የተጨማደዱ ቲኬቶች እየተከታተሉ ወረዱ፤ አልጋው ላይ ዘርግቼ መቁጠር ጀመርኩና ሳልጨርስ ተውኩት። ጓደኞቹ ናቸው ያስጀመሩት፣ ጠላት አይደለም። ስለዚህ እህቴ፣ ልጅሽ በቅዳሜ ጨዋታ ምን እየለመደ እንደሆነ አስቢ። ሕግ ፈቀደ ማለት ለቤትሽ ይበጃል ማለት አይደለም።

የሒሳብ መምህር፦
ወንድሜ፣ ያሳዝናል። እግዚአብሔር ይርዳው። ግን ገንዘብና ዕጣ የተገናኙበትን ሁሉ ከደመርነው እቁብም ሊቀር ነው።

ከአዲስ አበባ፦
እቁብን ተዉልኝ! እቁብ ላይ ዕጣው የሚወስነው ማን ቀድሞ እንደሚወስድ ብቻ ነው። በመጨረሻ ሁሉም የጣለውን ያገኛል። ፖከር ላይ አንዱ ካልተበላ ሌላው አይበላም።

ነርስ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፦
ሁላችሁንም አነበብኩ። እኔ ያን ክፍል ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ፤ ሰው ስለ ቀልዱ ሲያወራ እኔን የሚይዘኝ ግን መጨረሻው ነው። ከሴቶቹ አንዷ ሬቸል ሥራ ለማግኘት ስትለፋ ቆይታ ለቃለ መጠይቅ ተጠርታ ነበር። ጨዋታው መሃል ስልክ ተደወለ፤ ሥራውን አላገኘችም። ተመልሳ ተቀመጠችና በእልህ መጫወት ያዘች። ከወንዶቹ አንዱ ሮስ ደግሞ ፖከር ላይ ለማንም አልራራም ሲል የነበረ ሰው ነው። ሁለቱ እየተጨማመሩ የራሳቸው ገንዘብ አልቆ ከጓደኞቻቸው ተበደሩ። በመጨረሻ ሬቸል ካርታዋን ዘረጋች፤ ፉል ሃውስ፣ ማለትም ሦስት ተመሳሳይና ሁለት ተመሳሳይ ካርታ። ሮስ ዝም ብሎ ቆየና አሸነፍሽኝ አላት። ጓደኞቹ ምን ይዞ እንደነበር ሊያዩ ሲሞክሩ ካርታውን ከለከላቸው። ምን ደስ እንዳላት ተመልከቱ ነበር ያላቸው።

አውቆ ተሸንፏል ብዬ አምናለሁ። መምህር፣ ፉል ሃውስ ምን ያህል ብርቅ እንደሆነ አንተ ታውቃለህ።

የሒሳብ መምህር፦
መጀመሪያ ከሚታደሉት አምስት ካርታዎች ጋር ፉል ሃውስ የሚመጣው ከ694 አንዴ ገደማ ነው። ካርታ መቀየር ስለሚቻል ዕድሉ ብዙ ይሰፋል። የሚበልጠውን ይዞ ነበር ማለት ግን ከባድ ነው።

ነርስ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፦
ይዞም ይሁን ሳይዝ ፊቷን እያየ ነበር። ከአዲስ አበባ የጻፍክልን ወንድሜ፣ ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው ባይ ነኝ። ቤቲንግ ቤቱ የወንድምህን ፊት አያይም። የእናታችሁ የበዓል ብር መሆኑን አያውቅም፣ ቢያውቅም አይመልስም። አብሮ አደግ ግን «ዛሬስ ይብቃህ፣ ቤት ኪራይ አለብህ» ይላል። ሕጉ መያዝ ያለበት ከሰው ሽንፈት የሚኖረውን ነው። እህቴ፣ አንቺ ደግሞ የባለቤትሽ ጓደኞች እንዲህ የሚሉ መሆናቸውን እይ። የማይሉ ከሆነ 5 ዶላርም ብዙ ነው።

የሦስት ልጆች እናት፦
አመሰግናለሁ፣ ተጠቅሜያለሁ። ትናንት ለባለቤቴ የልጁን ጥያቄ ነገርኩት። ደነገጠ። ከዚያ አንድ የማላውቀውን ነገረኝ። ባለፈው ክረምት አንደኛው ጓደኛቸው ከሥራ ሲቀነስ ለሁለት ወር ገንዘቡን ትተው በደረቅ ባቄላ ነው የተጫወቱት። ያኔ ወጥ ቤት ባቄላው የት እየገባ ነው እያልኩ ስፈልግ ነበር። ሐሳቤን ሙሉ በሙሉ አልቀየርኩም፤ ልጄ ፊት ብር እንዲቆጠር አልፈልግም። ግን ሕጉ ይከልክል ያልኩትን አንስቻለሁ። ከመጪው ቅዳሜ ጀምሮ በየቤታቸው ተራ ይገባሉ።

ከአዲስ አበባ፦
እኔ አሁንም ባቄላውን ነው የምመርጠው። ብሩ ይቅርባቸው።