«አንዱ ካልገበረ መጨረሻ የለውም» በተባለው ላይ

የጣርማበሯ፦ ደብረ ብርሃን ላይ አንድ ረቂቅ ልብወለድ ተነቦ አወያዩ የሰጡት አስተያየት ደሜን አፍልቶታል። ታሪኩ መጪው ዘመን ነው፤ ደጋውን ሴቶች፣ ቆላውን ወንዶች ይገዙታል፤ ድንበሩ የጣርማበር ዋሻ። የደጋዋ ዳኛና የቆላው ነጋዴ ይዋደዳሉ። አወያዩ «አንዱ ለሌላው ካልገበረ መጨረሻ የለውም» አሉ። ገባሪዋ ማን እንደምትሆን ሁላችንም እናውቃለን። በምዕራፍ 1 ችሎት ተቀምጣ የፈረደች ሴት በመጨረሻው ምዕራፍ የባሏን እግር ስታጥብ ከተገኘች ምርኮ ነው የተጻፈው።

አንኮበሬው፦ አወያዩ ልክ ናቸው። ሁለት ሕግ በአንድ ጎጆ አያድርም። ልጅ ሲወለድ በማን ስም ይጠራል? መሬቱን ማን ያወርሰዋል? አንደኛው ሕግ መውደቅ አለበት፤ የወደቀው ሕግ ባለቤት ደግሞ ገበረ ማለት ነው።

ዘመንዝ፦ ጋሼ አንኮበሬ፣ በእኛው አገር ርስት በአባትም በእናትም ይቆጠር ነበር፤ ሴት ልጅም ትወርስ ነበር። ደራሲው ልጁን በሁለቱም ወገን ባለርስት ያድርገው። ደጋውም ቆላውም «የእኛ ነው» ብለው ይሟገቱበት። ወላጆቹ ማንም ሳይገብር ታሪኩ ይሄዳል።

አንኮበሬው፦ ሴት ወረሰች ማለት ሴት አዘዘች ማለት አይደለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰብ ራስ አድርጎት ነበር። ያ የተሻረው በ1992ቱ የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ ነው፤ ያውም በመንግሥት አዋጅ። ፍቅር የትኛውን አንቀጽ ሻረ?

የጣርማበሯ፦ እና ሲሻር ባሎች ገበሩ? ሚስት ራስ ሆና አልተተካችም፤ ሁለቱ እኩል ሆኑ። እርስዎ ያመጡት ማስረጃ የአወያዩን ቃል ያፈርሰዋል።

ቆላ ቀወት፦ ስለ መገበር ከመጣላታችሁ በፊት የሴቶቹ አገር በምን እንደሚቀጥል ንገሩኝ። 400 ሴትና የሚወልዱላቸው 4 ወንድ ብቻ ካሉ፣ ለዘር ብዝኃነት የሚቆጠረው የሕዝብ መጠን ስሌቱ 4 ሲባዛ በወንዱ ቁጥር፣ ሲባዛ በሴቱ ቁጥር፣ ለድምራቸው ሲካፈል ነው፤ 16 ገደማ ይመጣል። በዘር ብዝኃነት ያ ሕዝብ የ16 ሰው ያህል ነው። ባለሙያዎች ለአጭር ጊዜ እንኳ ቢያንስ 50 ያስፈልጋል ይላሉ። በጥቂት ትውልድ ሰባት ቤት ቆጥሮ መጋባት አይቻልም፤ በዘር የሚወረስ በሽታም ይበዛል። የወንድ ዘር አስቀምጠናል ብትሉ የሚቀመጠው በፈሳሽ ናይትሮጅን፣ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ላይ ነው። ናይትሮጅኑ ሁልጊዜ ስለሚተን መሙላት ያስፈልጋል፤ መንገድ ተዘግቶ ሳይሞላ ከቀረ ዕቃው ይሞቅና ሁሉም ይበላሻል። ስለዚህ ዋሻው መከፈቱ አይቀርም። ነጋዴውና ዳኛዋ የሚተዋወቁት እዚያ ይሁን፤ እሱ ናይትሮጅን ያመጣል፣ እሷ የመግቢያ ፈቃድ ትፈርማለች።

ሞላሌ፦ ይህ ጥሩ ነው፤ ግን የደጋው አገዛዝ ራሱ አልተሠራም። ረቂቁ ላይ ሴቶቹ ጢም የሌላቸው የጦር አዛዦች ናቸው። እቴጌ ጣይቱ፣ ምኒልክ ሲታመሙ፣ እስከ 1902 መንግሥቱን የያዙት በሹመትና በጋብቻ ድር ነበር። እንዲህ ባለ አገር የማን ልጅ ማንን ያገባል የሚለው የመንግሥት ጉዳይ ነው። ዳኛዋ ሳታስፈቅድ ከወደደች ክህደት ነው የምትከሰስበት። አደጋው ከዚህ ይምጣ።

አንኮበሬው፦ ጣይቱንም በመጨረሻ ከሥልጣን አወረዷቸው።

ሞላሌ፦ መውረድ ሌላ፣ መገበር ሌላ! ጣይቱን እዚህ ውስጥ አይክተቱብኝ።

ዘመንዝ፦ ወደ ጉዳዩ። ለመገናኛቸው ከዋሻው ይልቅ የመንዙን የሣር ሜዳ ጓሳን እመርጣለሁ። ቀሮ በሚባለው የጥበቃ ሥርዓት ሁለቱ የመንዝ ወገኖች፣ አስቦና ጌራ፣ ሣሩን በጋራ ይጠብቁት ነበር። ከ3 እስከ 5 ዓመት ተዘግቶ ሲከፈት ለቤት ክዳንና ለገመድ ይታጨድ ነበር። ሥርዓቱ ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ነው የፈረሰው። መጪው ዘመን ይመልሰው። ደጋና ቆላ የሚገናኙት በመክፈቻው ብቻ ከሆነ፣ ያመለጠው 5 ዓመት ሊጠብቅ ነው። ሳይከፈት የገባ ደግሞ የሁለቱንም አገር ሕግ ይጥሳል። ዳኛዋም ነጋዴውም እኩል ወንጀለኛ ናቸው፤ ማን ለማን ይገብራል?

አንኮበሬው፦ ይህኛው ያስኬዳል። ነገር ግን በውርጭ ሜዳ ላይ ቤት አይሠራም። ሣሩ ታጭዶ ሲያልቅ ወዴት ይሄዳሉ? ወደ ደጋ ከሆነ እሱ ገበረ፣ ወደ ቆላ ከሆነ እሷ።

የጣርማበሯ፦ አብሮ መኖር የግድ በአንዱ ቤት ነው ያለው ማነው? በየመክፈቻው ይገናኙ፤ ልጁን ደጋው ያሳድገው።

ቆላ ቀወት፦ ወንድ ልጅ ከሆነስ? 100 ሴት ሲወለድ ወንዱ 105 ያህል ነው። በሴት አገር ያደገ ወንድ ዕድሜው ሲደርስ ወደ ቆላ ይሸኛል ወይስ ያለ ድምፅ ደጋ ይቀመጣል? ረቂቁ ላይ አንድም ወንድ ሕፃን የለም። እሱ እስኪገባበት ድረስ ስለ ሁለቱ ጎጆ ማውራቱ አይገባኝም።

አንኮበሬው፦ እናቱ ዳኛ አይደለች? ትፍረድ። የትኛውንም ብትፈርድ ግን አንዱ ገበረ።

የጣርማበሯ፦ አሁንም «ገበረ»! ጋሼ፣ በእርስዎ አገር ፍርድ ሁሉ ግብር ነው?