የእናቴ ሰዓት መስተዋቷ ውስጥ ጉም ሞላ፣ ነገ ኒካህ አለ!

ወሎዬዋ፦
ጀመዓ፣ ድረሱልኝ! የስዊስ ነች፣ ቀጭን የሴት ሰዓት፣ ፊቷ ዛጎል። ከኮምቦልቻ ደሴ ስንገባ መስተዋቷ ከውስጥ ጉም ለበሰ፣ ሰከንድ ቆጣሪዋም እየዘለለች ነው። ጀርባዋ ላይ «30 ሜትር» ተጽፎ ውሃ እንዴት ይገባታል? ፀጉር ማድረቂያ ላድርግባት?

የጦሳ ልጅ፦
ሩዝ ውስጥ ቅበሪያት፣ ትደር።

ሰዓት ወዳድ፦
መጀመሪያ «30 ሜትር» ማለት መዋኛ ማለት አይደለም። በአዲስ ጎማ (ክዳኑ ሥር ውሃ የሚከለክለው ቀለበት)፣ ውሃው ሳይንቀሳቀስ የሚለካ ግፊት ነው። ለካፊያና ለእጅ መታጠቢያ ፍንጣሪ ይበቃል፣ ለሻወር አይሆንም። ሮሌክስ እ.ኤ.አ. በ1926 ውሃ የማያስገባውን ኦይስተር ሰዓት ሲያወጣ ክዳኑንም ማስተካከያ ቁልፉንም ተጠምዝዞ የሚታሰር ያደረገው ለዚህ ነው። የቀጫጭን የሴት ሰዓቶች ቁልፍ ግን አብዛኛውን ጊዜ ተገፍቶ ብቻ ነው የሚገባው።

ኡሙ ሀያት፦
አብሽሪ እህቴ። ማድረቂያውን ተይው፣ ሙቀት ጎማውንም የማሽኑንም ዘይት ይጎዳል። እርጥበቱ የገባው ቀድሞ ነው፣ የደሴ ብርድ ነው ያወጣው። ባትሪ በቅርብ ተቀይሯል?

ወሎዬዋ፦
አዎ፣ ባለፈው ሳምንት። ምን አገናኘው?

የጦሳ ልጅ፦
ሩዝ ነው መድኃኒቱ፣ ስልክም በሱ ነው የሚደርቀው።

ኡሙ ሀያት፦
ክዳኑ ተዘግቶ ሩዝ ምን ሊስብ? ነገሩ ያለው ባትሪው ላይ ነው። ክዳኑ ሲዘጋ ቀጭኗ የጎማ ቀለበት ከቦይዋ ወጥታ ሳትቆነጠጥ አልቀረችም። ቆጣሪዋ በየ4 ሰከንዱ ከዘለለች ደግሞ ብዙ የኳርትዝ (በባትሪ የሚሠራ) ሰዓት ባትሪ መድከሙን የሚናገረው እንዲያ ነው። በሳምንት የደከመው አልካላይን ገብቶ ይሆናል። አልካላይኑ ኤልአር626 ከ1.5 ቮልት ይነሳና እያደር ይወርዳል፤ የብሩ ኤስአር626 1.55ን ይዞ እስከ ማለቂያው ይዘልቃል። መጠናቸው አንድ ስለሆነ ሁለቱም ይገጥማሉ፣ ጽሑፉን አንብቢ።

ዛሬውኑ ሰዓት ሠሪ ይክፈታት፣ ባትሪውን በፕላስቲክ ወረንጦ ያውጣ። የቆዳ ማሰሪያዋ ይውለቅ። ከጫማ ካርቶን የሚወጡ እርጥበት የሚስቡ የሲሊካ ከረጢቶች፣ 4 ወይም 5፣ ሳይቀደዱ ከክፍቷ ሰዓት ጋር ጥብቅ ዕቃ ውስጥ 24 ሰዓት ይቆዩ። ከዚያ አዲስ ጎማ፣ ሲሊኮን ቅባት እስክታብረቀርቅ ብቻ።

የሰኞ ገበያው፦
24 ሰዓት ካለች ለኒካሁ አትደርስም፣ ትቅር። እርጥበት እያለ ብትሠራ ማሽኗ ይዝጋል። ከተዘጋች በኋላ ለብ ያለ ነገር ላይ አስቀምጠሽ መስተዋቷ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ጠብ አድርጊ፣ ከ1 ደቂቃ በኋላ ጥረጊው። ከውስጥ ጉም ከታየ እርጥበት ቀርቷል።

ወሎዬዋ፦
ተከፈተች። ጎማዋ ሁለት ቦታ ተቆርጣለች! አዲሷን በሷ ልክ ላስገዛ?

ኡሙ ሀያት፦
በሷ አይሆንም፣ ተለጥጣለች። ጎማዋ የምትቀመጥበትን ቦይ በካሊፐር (ቀጭን ነገር በሚለካ መሣሪያ) አስለኪ፣ ስፋቱንም ጥልቀቱንም።