እህቴ ከዓረብ አገር ከመጣች ወዲህ እንግዳ ሲመጣ ጓዳ እያስገባናት ነው፤ እናቴን እንዴት ላሳምናት?

የሆጤዋ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። የምንኖረው ደሴ፣ ሆጤ ነው። ስለረዘመ ይቅርታ፣ ለማን እንደማወራው ጨንቆኝ ነው።

ታላቅ እህቴ ሪያድ ሰው ቤት አራት ዓመት ሠርታ ከመጣች ስምንት ወሯ ነው። ስትሄድ ቤቱን የምትሞላ ልጅ ነበረች፣ ሳቋ ጎረቤት ድረስ ይሰማ ነበር። የመጣች ሰሞን ዝም ስትል ደክሟት ነው አልን። ከዚያ እንቅልፍ እምቢ አላት። ሌሊት ተነስታ በሩን ታያለች፣ ትመለሳለች፣ እንደገና ሄዳ ታያለች። አጠገቧ ማንም ሳይኖር «ሐዲር፣ ሐዲር» ትላለች። ስልክ ሲጮህ ትበረግጋለች። ፀጉሯን ከተሠራች ወራት አልፈዋል፣ ማዕድም ከእኛ ጋር አትቀርብም።

እማዬ «አስነክተውብኝ ነው» ትላለች። ቤታችን የታደሰው፣ ለወንድሜም ባጃጅ የተገዛው በእሷ ገንዘብ ስለሆነ የሰው ዓይን አርፎባታል ነው የምትለው። እኛ እንደ ብዙ የወሎ ሰው ድብልቅ ነን። አባቴ ሙስሊም፣ የእናቴ ወገን ክርስቲያን። ስለዚህ ያልሞከርነው የለም። ሼሁ ቁርአን ቀርተውባታል፣ ቤት ውስጥ ወዳጃ (ጎረቤት ተሰብስቦ የሚያደርገው ዱአ) ተደርጎላታል፣ አክስቴ ደግሞ ሁለት ሳምንት ጠበል ወስዳት ነበር። ዱአ በተደረገ ማግስት ቀለል ይላታል፣ ሦስት አራት ቀን ሳይሞላ ግን ይመለስባታል። ሐኪም ቤት ሲባል እማዬ እሳት ትሆናለች። «ልጄን እብድ ልታስብያት ነው? ይሄ ስም አንዴ ከወጣ በምን ይታጠባል?» ትለኛለች።

ያስጻፈኝ ያለፈው እሑድ ነው። ለእኔ ሽማግሌ ተልኮ ነበር። እማዬ እህቴን ጓዳ አስገብታ ከውጭ ቆለፈችባት። እኔም አየሁ፣ ዝም አልኩ። ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው ዘር ማንዘር ሲቆጠር፣ የቤቱ ልጆች ስንት ናቸው ሲባል፣ እማዬ አንዷን ዘለለቻት። ጓዳው የተከፈለው በስስ ጣውላ ነው፣ ሁሉንም ሰምታለች። ሲወጡ ሮጬ ስከፍትላት አላለቀሰችም። «እኔን አልቆጠራችሁኝም አይደል?» ብቻ አለችኝ።

እማዬን ሳላስቀይም እንዴት ላሳክማት? ደግሞ ለእጮኛዬ ቤተሰብ ልናገር ወይስ ዝም ልበል? ቡና መጠራራት እንኳ ትተናል። ድሮ እማዬ አቦል ጠጥታ ሳትጨርስ የምትነሳበት ቤት አልነበረም፣ በረካውን ሳይቀር ጠብቃ ነበር የምትመጣው። አሁን «ያቺ ልጅሽስ ደህና ናት?» እንዳይሏት ብላ ከደጅ አትወጣም።

የሸዋ በር አባት

ልጄ፣ እኔ ዕድሜዬ ከስልሳ አልፏል። መጀመሪያ እናትሽን በክርክር አትግጠሚያት። እሷ የምትፈራው ሐኪሙን አይደለም፣ ሰውን ነው። በእኛ አገር በሽታ የአንድ ሰው ብቻ ሆኖ አያውቅም፣ የቤቱ ሁሉ ይሆናል። ሴት ልጅ ስትታጭ የሚጠየቀው ዘሯ ነው። እናትሽ አንዷን የደበቀችው ሌላዋን ለመዳር ብላ ነው፣ ልክ ነው እያልኩ ግን አይደለም።

ስለ ወዳጃው ግን አትዘኚ። ወዳጃ እኮ የታመመን ሰው ብቻውን አለመተው ማለት ነው። ጎረቤት ይሰበሰባል፣ ቡናው ይፈላል፣ ዕጣኑ ይጨሳል፣ አንዱ ሲመርቅ ሁሉም አሚን ይላል። እኔ ባደግኩበት ሰፈር ክርስቲያኑም ቁጭ ብሎ አሚን ይል ነበር። እህትሽ በማግስቱ ቀለል የሚላት ለዚህ ይመስለኛል። ሰው ከቧታል፣ ስሟ በበጎ ተጠርቷል። ችግሩ ሰው ተነስቶ ሲሄድ በሩ ተመልሶ መዘጋቱ ነው።

እኔ ብሆን እናትሽን ከማናገሬ በፊት ሼሁ ዘንድ እሄድ ነበር። እሁድ የሆነውን፣ ጓዳውን፣ ሁሉንም ንገሪያቸው። በእስልምና ሕክምና መፈለግ የተወደደ ነገር ነው፣ ለበሽታ ሁሉ አላህ መድኃኒት እንዳወረደ የሚነግር ሐዲስ አለ፣ እሳቸው ከእኔ አብልጠው ያውቁታል። ቃሉ ከእሳቸው አፍ ሲወጣ እናትሽ ትሰማለች። ለአክስትሽ ደግሞ ይሄን አስታውሻት። የኤድስ መድኃኒት በመጣበት ጊዜ ጠበል ገብተው ክኒኑን የሚተዉ ሰዎች ነበሩ። በ1999 ዓ.ም. አቡነ ጳውሎስ ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብሮ መውሰድ እንደሚቻል፣ ሁለቱም የፈጣሪ ስጦታ እንደሆኑ ተናግረዋል። ያን ጊዜ ብዙ ሰው ዕፎይ ብሏል።

አንድ ነገር ልጨምር። እኔ ልጅ ሳለሁ ሥጋ ደዌ ከዘር ነው ይባል ነበር። በዚህ ስንት ጋብቻ ፈርሷል፣ ስንቱ ወንድሙን ክዷል። ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል እንደዚያ ከቤት የተገፉ ሰዎች የሚታከሙበት ቦታ ነበር፣ ሰው በዚያ በኩል ሲያልፍ ፊቱን ያዞራል። በሽታው ግን በጀርም የሚመጣ ነው። ዛሬ በ6 ወይም በ12 ወር መድኃኒት ይድናል። ለዚያ ስንለያይ የኖርነው በከንቱ ነው። ስለ እህትሽ የሚባለውን ስሰማ ያ ጊዜ ፊቴ ይመጣል።

ሰኞ ገበያ

እኔ ከልቤ የምመክርሽ እስከ ሰርጉ ዝም በይ። አንቺም የራስሽ ሕይወት አለሽ። የኛ ሰው ደግሞ አንዴ ከሰማ አይተውሽም። ከሰርጉ በኋላ ቀስ ብለሽ ታሳክሚያታለሽ። ክፉ ሰው ሆኜ አይደለም፣ የአጎቴ ልጅ ላይ በዚህ ምክንያት ቀለበት ሲመለስባት ስላየሁ ነው። እሷም እስከ ዛሬ አላገባችም።

ቁርቁር ማዶ

ሰኞ ገበያ፣ ሐሳብሽ ይገባኛል፣ ግን እኔ በዚያኛው ወገን የነበርኩ ነኝ። ሚስቴን ሳገባ የታመመ ወንድም እንዳላት አልተነገረኝም። ያወቅኩት ባገባሁ በዓመቱ፣ ለቅሶ ቤት፣ ከሌላ ሰው አፍ ነው። ሕመሙ አላስከፋኝም። ሚስቴ አንድ ዓመት ሙሉ ወንድሟን «ሥራ ፍለጋ ሄዷል» እያለች ስታለቅስ ማደሯ ነው የከበደኝ፣ ለካ ማታ ማታ የምታለቅሰው ለዚያ ነበር። አሁን ልጁ እኛ ጋ ነው፣ ደህና ነው፣ ሱቅ ይቀመጣል። እህቴ፣ ለሽማግሌ ሳይሆን ለእጮኛሽ ለራሱ ንገሪው። ሽማግሌ ፊት የሚነገር ነገር ውል ይሆናል፣ ለሁለት ሲወራ ግን ጨዋታ ነው፣ ልብ ለልብ ትግባባላችሁ።

ከጂዳ መልስ

አንብቤ ሳበቃ እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው። እኔም ሄጄ የመጣሁ ነኝ። አሁን ኮምቦልቻ ነኝ።

«ሐዲር» ማለት «እሺ፣ ታዛዥ ነኝ» ማለት ነው። ማዳም ስትጠራ የሚመለስ ቃል ነው። በቀን ስንቴ እንደምንለው አትጠይቂኝ። ሌሊት በአሥር ሰዓት ትነሽና ትያለሽ፣ እኩለ ሌሊት ላይም እንግዳ ከመጣ ትያለሽ። ስትተኚ እንኳ ጆሮሽ ክፍት ነው። እህትሽ እያበደች አይደለም እልሽ ነበር፣ ግን ሐኪም አይደለሁምና አልልም። እኔም ከመጣሁ በኋላ ወራት ሙሉ እናቴ ስትጠራኝ «ሐዲር» ብዬ እየዘለልኩ እነሳ ነበር።

እኔ የሄድኩት መንግሥት ጉዞውን ከልክሎ በነበረበት ጊዜ ነው። በ2006 ሳዑዲ ከ160 ሺህ በላይ ሰው ስትመልስ አገር ሁሉ አይቷል፣ ጉዞውም የዚያኑ ዓመት ተከለከለ፣ እስከ 2010 ድረስ። እኛ ግን መሄድ አላቆምንም። በደላላ፣ በባቲ ወርደን፣ አፋርን አቋርጠን፣ ከጅቡቲዋ ኦቦክ በጀልባ። በእኔ ጊዜ እዚያ ከደረስሽ ፓስፖርትሽ ካለሽ አሠሪው ይይዘው ነበር፣ ያለ እሱ ፈቃድም ሥራ መቀየር አልነበረም። ሲወጡ በሩን ከውጭ ይቆልፉብን ነበር። አሁን የገባሽ ይመስለኛል። እህትሽ ሌሊት በሩን የምታየው ለምን እንደሆነ፣ እናትሽም ጓዳ ስትቆልፍባት ምን እንዳደረገቻት። እናትሽን እየወቀስኩ አይደለም፣ አታውቅም። እኛም አንነግራቸውም። በስልክ «ደህና ነኝ፣ ጥሩ ሰዎች ናቸው» ነው የምንለው፣ ምክንያቱም እነሱ ብር ተበድረው ነው የላኩን።

ስመጣ ሰው ሁሉ ሻንጣውን ነው ያየው። ለማን ሽቶ አመጣች፣ ለማን ስልክ። አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ ጎረቤታችን እትዬ፣ ቡና እየቀዱ «ልጄ፣ እንቅልፍ ይወስድሻል?» አሉኝ። ያን ቀን ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ያለቀስኩት። ኋላም ሐኪም ጋ ይዘውኝ የሄዱት እሳቸው ናቸው።

እባክሽ መጀመሪያ እሷን ጠይቂያት። ሁላችሁም ስለ እሷ ትመክራላችሁ፣ እሷ ምን እንደምትፈልግ ከጻፍሽው ውስጥ አላየሁም።

ነጭ ጋውን

ነርስ ነኝ፣ ኮምቦልቻ ነው የምሠራው። ብዙ ሰው የማያውቀውን ልንገርሽ። የአእምሮ ሕክምና ማለት አዲስ አበባ አማኑኤል መሄድ ማለት ብቻ አይደለም። ደሴ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው። በቅርባችሁ ካለው ጤና ጣቢያ ጀምሩ፣ ካስፈለገ ሪፈር ይጽፉላችኋል።

የመጀመሪያው ቀን እንደምትፈሩት አይደለም። በአብዛኛው ወሬ ነው። መቼ ጀመረ፣ ትተኛለች ወይ፣ ትበላለች ወይ፣ የሌለ ድምፅ ትሰማለች ወይ፣ መኖር ሰልችቷታል ወይ ብለው ይጠይቃሉ። ደምም ሊመረመር ይችላል። ለምሳሌ የእንቅርት ዕጢ ሥራው ሲዛባ ብቻውን እንቅልፍ ሊነሳና ሊያስጨንቅ ይችላል፣ እሱ ከተገኘ ሕክምናው ሌላ ነው። ስለዚህ ከአሁኑ ለበሽታው ስም አትስጡት። ጂንም አትበሉት፣ እብደትም አትበሉት።

መድኃኒት ከታዘዘ ትዕግሥት ይጠይቃል። ለድብርትና ለጭንቀት የሚሰጡት በአብዛኛው ለውጥ የሚያሳዩት ከ2 እስከ 4 ሳምንት ቆይተው ነው፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ። ቤተሰብ በሳምንቱ «አልሠራም» ብሎ ያስጥላል። ደግሞ ሲሻላት «ድናለች» ብሎ ያስጥላል። ሁለቱንም በየጊዜው አያለሁ። በጣም የሚያሳዝነኝ ረመዳን ወይም ዐቢይ ጾም ሲገባ ክኒናቸውን የሚያቆሙ ናቸው። ለሐኪሙ ንገሩት። ብዙ ጊዜ ሰዓቱን ወደ ማታ ማዛወር ይቻላል፣ በሽታውም ጾም የማይፈቅድ ከሆነ ይነግራችኋል። በራሳችሁ ግን አታቁሙ።

ራሷን ስለማጥፋት ተናግራ ታውቃለች? በቀጥታ ጠይቂያት። መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣባትም። አዎ ካለችሽ ቀጠሮ ምናምን የለም፣ ብቻዋን አትተዋት፣ የዚያኑ ቀን ድንገተኛ ክፍል ውሰጂያት። ከጂዳ መልስ ያለችውን ደግሜ እላለሁ፣ በር አትቆልፉባት። ፍርሃቱን ያብስባታል፣ እሳት ቢነሳስ?

የሆጤዋ

ሁላችሁንም አላህ ይስጥልኝ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከጂዳ መልስ፣ ያንቺን ሦስት ጊዜ ነው ያነበብኩት። ላነብላት ፈልጌ ድምፄ እምቢ አለኝ፣ ስልኩን ሰጠኋት። ረዥም ሰዓት ይዛው ቆየች። «ይቺን ልጅ ታውቂያታለሽ?» አለችኝ። አላውቃትም አልኳት። «እኔ አውቃታለሁ» አለች።

ነርሷ እንዳለችው በቀጥታ ጠየቅኳት። እንደሱ አስባ አታውቅም፣ «መተኛት ብቻ ነው የምፈልገው» አለችኝ። ከዚያ ምን ላድርግልሽ ስላት ቡና ላፍላ አለች። ስምንት ወር ሙሉ ረከቦት ነክታ አታውቅም። ቆላች፣ ወቀጠች፣ እጇ ትንሽ ይንቀጠቀጥ ነበር። እማዬ በሩ ላይ ቆማ ስታያት ቆየችና ሳትናገር ሄዳ ጎረቤታችንን ጠራች። አንዲትን ሴት ብቻ ነው የጠራችው፣ ግን ጠራች።

ሼሁ ጋም ሄጄ ነበር። ይቆጣሉ ብዬ ፈርቼ ነበር፣ እሳቸው ግን ራሳቸው ቤት ድረስ መጥተው «ዱአውን እኔ አላቆምም፣ አንቺም ሐኪሙን አታስቀሪ» አሏት። እማዬ አቀርቅራ ሰማች።

ለእጮኛዬም ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰማኝ። «ለአባቴ እኔ እነግረዋለሁ» አለኝ። አራት ቀኑ ነው፣ ከእነሱ ወገን እስካሁን የመጣ ነገር የለም። እየጠበቅኩ ነው፣ ሆዴ ይንቦጀቦጃል፣ ግን እሷን ከመቁጠር አልመለስም።

ማክሰኞ ጠዋት በወንድሜ ባጃጅ ጤና ጣቢያ እንሄዳለን። እማዬ ትሂድም አላለች፣ አትሂድም አላለች። ትናንት ማታ ግን የእህቴን ሻርፕ አጥባ ምድጃው ዳር ሰቅላለች፣ በዚህ ጉም ውጭ አይደርቅምና።